ሰጪው ያልታወቀ ወንበር

ያን እሑድ አምልኮ ሲያበቃ በአዳራሹ ደጃፍ የቆምነው አራት ነበርን፤ እሷ፣ እናቷ፣ የማኅበሩ ሾፌርና እኔ አናጢው።

እናትየው ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከዝቅተኛ መቀመጫ መነሣት አቅቷቸው ነበር። በዚያ ሳምንት በራቸው ላይ መደገፊያ ያለው ወንበር ተቀምጦ አገኙ። በማኅበራችን እንዲህ ነው። ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራው አይወቅ የሚለውን ቃል ከተማርን ወዲህ ስጦታ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፤ ማን እንዳስቀመጠው አይጠየቅም።

እሳቸው ግን ሴት ልጅ አሳድገዋል።

«ለአሮጊት ብሎ የሚሰጥ ስንት አለ? ልጄን አይቶ ነው» አሉ።

«እማዬ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ። ትል የሚያጎርስ ዓሣው አሳዝኖት አይደለም።»

ሾፌሩ አረጋውያንን በማኅበሩ መኪና የሚያመላልስ፣ ጨዋታ አዋቂ ነው። ሳቅ አለና «ስጦታ ሁሉ ከላይ ነው፣ እማማ» አላቸው፤ ዐይኑን ግን ወደ ልጅቷ ጣል አደረገ። እኔ ነኝ አላለም። አይደለሁምም አላለም።

እሷ እሱን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ። ጫማዬን መመልከት ጀመርኩ።

ወንበሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ብናገር ስጦታው ጉራ ይሆንብኛል፤ ዝም ብል እሷን ሌላ ይወስዳታል። ደግሞስ የሠራሁት ለእናትየው ነው ወይስ ለእሷ? እሳቸው የጠረጠሩትን እኔም በራሴ ላይ ጠረጠርኩ። ሾፌሩ ያን ቀን ሲሸኛቸው እሷ ከፊት፣ ከጎኑ ተቀመጠች። መዝሙሩ ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወንበሩን ተሸክማ ሥራ ቤቴ መጣች። ለጥ ባለው ሲሚንቶ ላይ ስታስቀምጠው ወደ አንድ ጎን አዘነበለ።

«ምኑ ነው የተበላሸው?» አልኩ።

«ምንም አልሆነም። እኛ ቤት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጎረቤት ስንወስደው ያዘነብላል። የእኛ ወለል ወደ በሩ ዝቅ ይላል። ሁለቱን እግሮች ያሳጠረ ሰው ይህን ያውቃል።»

ወለሉ ላይ ያለውን ሰጋቱራ በእግሬ ጠረግ አደረግኩ።

«ሾፌሩ ከደጃፋችን አልፎ አያውቅም። ባለፈው ክረምት በራችንን ሊያስተካክል የገባው ማን ነበር?»

«ቃሉ እኮ...» አልኩ።

«ቃሉ ስጦታህን ደብቅ አለ። አንተን ደብቅ አለ እንዴ?»

«ለእናትሽ ነው የሠራሁት።»

«ለእናቴ ብቻ?»

የሚላግ እንጨት ሳይኖር መላጊያውን አነሣሁ።

«ለእሳቸው ነው» አልኩ። «ስሠራው ያሰብኩት ግን አንቺን ነው።»

መደገፊያውን በጣቷ ዳበስ ዳበስ አደረገችው።

«እንግዲያው እማዬ አልተሳሳተችም» አለች። «ራስህ ተሸክመህ መልሰው። በቀን፣ ሰው እያየህ።»

ተሸክሜ ከኋላዋ ሄድኩ። እናትየው በሩ ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች ቃኙኝ።

«ሾፌሩስ?» ብለው ልጃቸውን ጠየቁ።

«እሱ መኪናውን ይንዳ።»

በዓመቱ በዚያው አዳራሽ ተጋባን። እናትየው አሁንም ከመቀመጣቸው በፊት ወንበሩን ነቅነቅ ያደርጉታል።