ጋሽ ተገኔን ያላሳለፈች ቅያስ

መብራቱ እስኪመጣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጠጋ ጠጋ በሉ። ሞላልኝ፣ አንተ በሩ ጋ ምን ትሠራለህ? ወደ መሃል ግባ እንጂ። እምቢ? እሺ፣ እዚያው ሁን። በኋላ እንዳትወቅሰኝ።

ነገ ቅያሳችንን ሊያሰፉ ይመጣሉ አይደል? ድንጋይ ያነጥፋሉ፣ ግራና ቀኝ ዛፍ ይተክላሉ፣ ለደከመው ሰው አግዳሚ ያቆማሉ። ችግኙም ይኸው ደጅ ተደርድሯል። እንዲህ ያለው ነገር ድሮም ነበር። የት? አልናገርም። ትንሽ ከተማ ናት፤ ከገበያዋ ጀርባ እንደኛዋ ያለች ቅያስ ነበረቻት።

እዚያ ይመኑ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ዋና ሥራው ምን መሰላችሁ? አጥር መግፋት። ክረምት በወጣ ቁጥር "አጥሬ በሰበሰ" ይልና ያፈርሰዋል። መልሶ ሲያጥር ስንዝር ያህል ወደ መንገዱ ያወጣዋል። ስንዝር ማን ያያል? በዓመቱ ደግሞ ይበሰብሳል። ቅያሷ ድሮ ጋሪ ታሳልፍ ነበር። ከዚያ አህያ ከነጭነቱ። ከዚያ ባዶ አህያ። ከዚያ አህያውም እምቢ አለ።

ሰውስ ምን አለ? ምንም። ይሉኝታ አለ፣ ጎረቤት ነው። ሁሉም ሆዱን አስገብቶ ያልፋል።

አንድ ቀን ጋሽ ተገኔ ሞቱ። ባለ ልኳንዳ ናቸው፤ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው። እድርተኛው ሳጥናቸውን ተሸክሞ የይመኑ አጥር ጋ ሲደርስ ሳጥኑ ተቀረቀረ። ወደ ፊት አይል፣ ወደ ኋላ አይል።

"እባክህ ይመኑ፣ አጥርህን ትንሽ ንቀልልን" አሉት።

"ትናንት የሠራሁትን? በቁማቸው አሳልፏቸው" አላቸው።

ምን ይደረግ? ሳጥኑን አቆሙት። ዕድሜ ልካቸውን ልኳንዳቸው ደጃፍ ተቀምጠው የኖሩት ጋሽ ተገኔ ቆመው ወደ መቃብር ሄዱ። አልቃሹ ሁሉ ሳቀ። እኔን ግን ሳወራው እንኳ ያሳፍረኛል። ሬሳ መንገድ ሲለምን የት ታይቷል?

ያን ጊዜ ሰፈሩ ነቃ። ቅያሷ ትስፋ፣ ዛፍም ይተከልባት ተባለ። ሽማግሌዎች ለክተው አዲሱ መንገድ የሚደርስበት ቦታ ላይ ችካል መቱ። ችካሉ የይመኑ ግቢ ውስጥ ገባ። ይመኑ ተሟገተ? አልተሟገተም። ጀንበር ስትጠልቅ ችካሉን ነቅሎ ከአጥሩ ውጭ መታውና ምንም እንዳላደረገ ሆኖ ጠላ ቤት ገባ። ማን አየው? ማንም።

ሲመለስ ጨልሟል። ቅያሷ ውስጥ እሱ ብቻ ነው። መጀመሪያ ምን መጣ? ሽታ። የትኩስ ሥጋ ሽታ። ልኳንዳው እኮ ከተዘጋ ቆይቷል።

ቀጥሎ ከኋላው፣ ኳ። ኳ። ሳንቃ ድንጋይ ሲመታ። ይመኑ ቆመ። ድምፁም ቆመ። ይመኑ ሄደ። ኳ። ኳ።

ዞሮ አየ። ሳጥን ነው። በቁሙ እየዘለለ ይመጣል።

"ይመኑ፣ አሳልፈኝ" አለ ከውስጥ የሚያውቀው ድምፅ።

"ይ... ይለፉ፣ ጋሽ ተገኔ።"

"በየት በኩል?"

ይመኑ ጀርባውን ከአጥሩ አጣበቀ። ሳጥኑ ደረቱ ላይ ተደገፈ። ቀዝቃዛ ነው።

"ነገ አፈርሰዋለሁ" አለ ይመኑ፣ ትንፋሽ እያጠረው።

"ግድ የለም። እኔ የምቸኩልበት የለኝም፤ እጠብቃለሁ" አሉ ጋሽ ተገኔ።

ምን ያድርግ? እጁን ወደ ኋላ ልኮ የገዛ አጥሩን ይነቅል ጀመር። አንድ እንጨት ሲነቅል ሳጥኑ አንድ እርምጃ ይጠጋል። ሌላ ሲነቅል ሌላ ይጠጋል። ጠዋት ሰዎች ሲያገኙት የጎመን መደቡ መሃል ቁጭ ብሎ ነበር፤ ጣቶቹ ደምተዋል፣ አጥሩ የለም። ሳጥኑስ? የለም። ቅያሷ ላይ ግን ሣሩ ተኝቷል፤ ሰፊ ነገር ተጋድሞ ያለፈ ይመስላል።

ከዚያ በኋላ ዛፎቹን ውኃ የሚያጠጣው ማን ሆነ? ይመኑ። አላፊውን ሁሉ "አልጠበባችሁም? ትበቃችኋለች?" እያለ ሲጠይቅ አረጀ።

በሉ እንግዲህ፣ ምክሬ አንድ ነው። በዚህች ቅያስ ብቻችሁን አትሂዱ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ ጎን ለጎን ሂዱ። ምን? የሞላልኝ ደጅ ጋ ለሁለት አትበቃም? ነገ ትበቃለቻ። ግን ቅድም ሳልፍ ለነገው መንገድ እሱ ግቢ ውስጥ የተመታው ችካል እግር አውጥቶ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አየሁት። አንተ አይተኸዋል፣ ሞላልኝ? ምነው ላብ አጠመቀህ?

ቆይ፣ ዝም በሉ እስቲ። ሰማችሁ?

ኳ። ኳ።

ሞላልኝ፣ በሩ ጋ ያለኸው አንተ ነህ። አሳልፋቸው።