የረይሃና ግራ ዓይን

«ስንት ጣት ነው?» አለች ዶክተር ጵርስቅላ።

«ሁለት» አለች አልጋው ላይ የተቀመጠችው ረይሃና።

ዶክተሯ እጇን ወደ ግራ ወሰደች። «አሁንስ?»

ረይሃና እጁን በዓይኗ ፈለገች። ጥግ የቆመችው የአሥራ አራት ዓመት ልጇ ፈድሊያ ሦስቱን ጣቶች ቁልጭ አድርጋ ታያለች። ከንፈሯን ነከሰች።

ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ አራተኛ ቀኑ ነው። የረይሃና ጭንቅላት አልተከፈተም፤ ፀጉሯም አልተላጨም። ሐኪሞቹ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍንጫዋ አስገብተው፣ ከአንጎሏ ሥር የበቀለውን እጢ በዚያው መንገድ ጥቂት በጥቂት አወጡት። ለቡና ለቀማ አገራቸው የቡ የቀረው የፈድሊያ አባት አብዱልሰመድማ ይህን በስልክ ሲሰማ፣ «ካልቀደዷትማ ቀላል ነው! አልሐምዱሊላህ፣ እያየች ትመጣለች» ብሎ ለጎረቤቱ ሁሉ አዳርሷል።

ፈድሊያ ዶክተሯን ተከትላ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባት።

«ዶክተር፣ እጢው ወጥቷል አይደል? ታዲያ ለምንድነው የማታየው?»

ዶክተሯ ቆመች። «ወጥቷል። ግን የዓይን ነርቩን ብዙ ወር ተጭኖት ቆይቷል። ቀኙ እየተሻለው ይሄዳል። የግራው ግን የሚመለስ አይመስለኝም። ትናንት ለእናትሽም ነግሬያቸዋለሁ።»

«ቶሎ ብንመጣስ ኖሮ?»

«የተሻለ ተስፋ ይኖረው ነበር» አለች ዶክተሯ ቀስ ብላ። «ግን እናንተ በምን ታውቃላችሁ?»

ፈድሊያ ታውቅ ነበር። ሰኔ ላይ እናቷ በሩን ስታ ከግድግዳ ጋር ስትጋጭ አይታለች። «ምች ነው፣ ያልፋል። ለአባትሽ እንዳትነግሪው፣ ይደነግጣል» ስትላት እሺ አለች። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ክንዷን እየያዘች፣ የጠፋትን ዕቃ እያቀበለቻት፣ አባቷ እንዳያውቅ ስትሸፍንላት ከረመች። ጥቅምት ላይ ረይሃና የቀይ ቡና ቅርጫት እንደተሸከመች ቦይ ውስጥ እስክትወድቅ ድረስ።

ወደ ክፍሉ ስትመለስ እናቷ እጇን ያዘቻት።

«ኢንታላ ኮ» አለቻት፤ «ልጄ» የምትላት ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው። «አባትሽ መንገድ ላይ ነው። ታያለች በይው።»

«እማዬ...»

«ቡናው ተለቅሞ እስኪገባ ብቻ፤ ከሰማ ጥሎት ይቀራል። በአላህ ይዤሻለሁ።»

ፈድሊያ ብርድ ልብሱን አስተካከለችላት።

አብዱልሰመድ የደረሰው ከቀትር በኋላ ነው። ጣቶቹ በቡና ጭማቂ ጠቁረዋል፤ ፊቱ ግን በርቷል።

«ፈያዳ? ደህና ነሽ? አየሽኝ?»

«አየሁህ እንጂ!» አለች ረይሃና ወደ ድምፁ ዞራ።

እንደ ሕፃን ሳቀ፤ ወዲያው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከፌስታሉ ብርቱካን አውጥቶ በግራዋ በኩል ዘረጋላት። የረይሃና አንድ እጅ ፈድሊያን እንደያዘ ነው፤ ሌላው አየሩን ዳሰሰ። ብርቱካኑን አላገኘውም።

ፈድሊያ ተቀብላ ልታቀብላት ትችል ነበር። ጣቶቿም ተነሥተው ነበር። መልሳ ጨበጠቻቸው።

«አባዬ፣ በግራ ዓይኗ አታይም» አለች። «አይመለስም ብለዋል።»

ረይሃና እጇን ከልጇ መንጭቃ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አብዱልሰመድ ብርቱካኑን እንደዘረጋ ቀረ።

«መቼ ነው የነገሯችሁ?» አለ በመጨረሻ።

«ለእማዬ ትናንት። እኔ ግን ከሰኔ ጀምሮ አውቅ ነበር።»

ፈድሊያ ወንበሩን ለአባቷ አስጠጋችለት። እሷ እናቷ እግር ሥር፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን አንሥታ መናገር ጀመረች።