የመዝገብ ቤቱ ወንበር

የዳኛቸው ሬሳ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተገኘ። ደብረ ታቦር በሚገኝ አንድ ኮሌጅ መዝገብ ቤት ውስጥ፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግቷል። አጠገቡ አንድ ወንበር ተገልብጧል። ከላይኛው መደርደሪያ ፋይል ሊያወርድ ወጥቶ የወደቀ ይመስላል።

ኢንስፔክተር ሠናይት ጫማውን አየች። የትናንቱ ዝናብ ጭቃ ደርቆበታል። የወንበሩን መቀመጫ በጣቷ ዳበሰች፤ ንጹሕ ነው።

«ወንበሩ ላይ አልቆመም» አለች። «ገድለውታል።»

አብሯት የመጣው ፖሊስ ሬሳውን ያገኙትን ሽማግሌ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ጋሽ ሙላቴን፣ በካቴና አሰረ።

«ቁልፉ በእርስዎ እጅ ነው አሉ» አለች ሠናይት።

«ኧረ ልጄ! በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ነው የሚንጠለጠል። ማን የማያውቀው አለ? ጡረታ ልወጣ ሁለት ወር ሲቀረኝ ሰው ልግደል?»

«ወንበሩ ትናንት ነበር?»

«አልነበረም። አሥራ አንድ ሰዓት ስወጣ አቶ ዳኛቸውን ቆመው ሲያነቡ ነው የተውኋቸው። ወንበር ቢኖርማ መች ይቆሙ ነበር?»

ኮሌጁ ጠመኔ መግዣ አጥቷል፤ ዳይሬክተሮቹ ግን እየበዙ ሄደዋል። የትኛው ክፍል እንደማያስፈልግ እንዲያጠና የተመደበው ዳኛቸው የሚዘጉትን ክፍሎች ዝርዝር ዛሬ ለቦርዱ ሊያቀርብ ነበር። ዝርዝሩ ከቦርሳው የለም።

«ዝርዝሩ ላይ እኔም አለሁበት» አለ የክትትል ዳይሬክተሩ ኸድር ሳይደብቅ። «እኔስ ወደ ማስተማሩ እመለሳለሁ፤ ግልግል ነው። የቅንጅት ዳይሬክተሩ አቶ መልካሙ ግን አስተምረው አያውቁ፣ ወዴት ይመለሳሉ? ሁለት ምክትል አላቸው፤ የሚያቀናጁት ሰው ግን የለም።»

ወንበሩ ሥር የተጻፈው መለያ ቁጥር የመልካሙ ክፍል ቁጥር ነበር።

«ዓርብ ነው ለመዝገብ ቤት ያስተላለፍሁት» አለ መልካሙ፤ የንብረት ማስተላለፊያ ቅጹንም አቀረበ። ቀኑ ዓርብ ይላል።

ስድስት ሰዓት ላይ ሠናይት ሁሉንም መዝገብ ቤት ሰበሰበች።

«የዚህ ቅጽ ተራ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነው። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ትናንት ከሰዓት ለአምፖል ተቆርጧል። ወይዘሮ ዘነበች፣ ይህን መቼ ቆረጡት?»

የንብረት ክፍሏ ዘነበች አንገቷን ደፋች።

«ዛሬ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ። ‹ወንበሬ መዝገብ ቤት ነው፤ የዓርብ ቀን አድርጊበት› አሉኝ። ቀን ወደ ኋላ መጻፍ እዚህ ብርቅ አይደለም። ሰው ሞቷል ብዬ መች አሰብሁ!»

«ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ወንበር አልነበረም» አለች ሠናይት። «ዛሬ በሩ የተከፈተው ሁለት ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወንበሩ እዚህ እንዳለ የሚያውቀው፣ ሞቱን አደጋ ለማስመሰል ያመጣው ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ መልካሙ ዞሩ።

«ክፍሌን ከዝርዝሩ ሰርዝልኝ ብዬ ለመንሁት፤ እንቢ ሲለኝ ገፈተርሁት» አለ።

«ሰው ገድለው ለወንበር ቅጽ ያስቆርጣሉ?»

«በስሜ ነዋ የተመዘገበው። ሰኔ ላይ የንብረት ቆጠራ አለ።»

የጠፋው ዝርዝር ከመልካሙ መሳቢያ ወጣ፤ በፋይል ታስሮ፣ ቁጥር ተሰጥቶት።

ካቴናው ከጋሽ ሙላቴ እጅ ወጥቶ መልካሙ እጅ ላይ ገባ። ሽማግሌው አንጓቸውን እያሹ በሩን ቆለፉ። ቁልፉን ግን ሚስማሩ ላይ አልሰቀሉትም፤ ኪሳቸው ከተቱት።