አልጠፋ ያለው አረንጓዴ

«ሽቦው እኮ እጄ ላይ ነው!» አለች ፌንጣ።

እውነቷን ነበር። የሦስተኛዋ ካንዴላ ሴንሰር ሽቦ የሞተሩን እሳት ከሚያስመስለው የሙከራ ሳጥን ተነቅሎ በጣቶቿ መሃል ተንጠልጥሏል። ስክሪኑ ላይ ግን ሦስተኛው መስመር ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ አረንጓዴ ነው።

«መልሰሽ ሰኪው» አለ አራዳው፣ ቀና ሳይል።

ፌንጣ የሚሏት አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት ነው። ሽቦውንም የነቀለችው ማንም ሳያዛት ሳጥኑን አንስታ አቧራውን ስትጠርግ ነው። አራዳው ደግሞ የክፍል ጓደኛዋ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣው ራሱ ስለሆነ ማንም አያምንበትም፤ ግን ሁሉም በዚያው ይጠራዋል። ሁለቱ ከትምህርት በኋላ የማይጠፉት ከፌንጣ አክስት ሃንጋር ነው። አክስቷ አብራሪም መካኒክም ናት። ባለ ሁለት መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላኗን ስታድስ የድሮዎቹን ባለ ቀስት መለኪያዎች አውጥታ ስክሪን ገጠመችላት፤ የሞተሩን እሳት የሚያሳየውን ገጽ ደግሞ ለሁለቱ ልጆች ሰጠች።

ነገሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። በእያንዳንዷ ካንዴላ ገመድ ላይ አንድ ትንሽ ሴንሰር ተቆንጥጧል። ካንዴላዋ እሳት በረጨች ቁጥር ሴንሰሩ ለስክሪኑ ይነግራል። እሳቱ ደህና ከሆነ መስመሩ አረንጓዴ፣ ከተዛባ ቢጫ ይሆናል።

«የዚህ ሞተር አራቱም ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ካንዴላ አላቸው» ብላቸው ነበር አክስቷ። «አንዷ ብታንቀላፋ ሌላዋ ትሸፍንላታለች። ጆሮዬ ላይሰማው ይችላል። ለዚህ ነው ስክሪኑን የፈለግኩት።»

ባለፈው ሳምንት ሞተሩ ሲነሳ ሦስተኛው መስመር እንደ ተበላሸ አምፖል ብልጭ ድርግም ይል ነበር። አራዳው «የሴንሰሩ ችግር ነው፤ ለኔ ተዪው» አለ። ዛሬ «ተስተካከለ» ብሎ ደረቱን ነፍቶ መጣ።

«ምን አድርገህ ነው ያስተካከልከው?»

አራዳው ማጅራቱን አከከ። «ሴንሰሩ ዝም ሲል ስክሪኑ የመጨረሻውን ጥሩ ቁጥር ይደግማል። በቃ። ማንም አይነቃብንም።»

«ውሸታም ስክሪን ሠራህ ማለት ነው?»

«ውሸት ምን አመጣው? ትንሽ ኩል ኳልኩት እንጂ።»

ፌንጣ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው መልሳ ዋጠችው። ነገ ቅዳሜ ነው። የታደሰችውን አውሮፕላን ለማየት እንግዶች ይመጣሉ፤ ሞተሩ መሬት ላይ ይነሳል፤ ስክሪኑ ደህና ነው ካለ አክስቷ እዚያው አውሮፕላኗን ይዛ ትበራለች።

«ወንድሞቼ ይመጣሉ» አለ አራዳው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሁለቱም። ‹እሱ የነካው ነገር ይበላሻል› ሲሉኝ ነው ያደግኩት። አንድ ቀን እንኳ አፋቸውን ላዘጋቸው ብዬ ነው። ለእትዬ እንዳትነግሪያቸው፣ በናትሽ።»

ፌንጣ ያለ ወትሮዋ ተቀመጠች። ጓደኛዋን ማሳጣት አልፈለገችም። አክስቷ ግን ነገ ያንን አረንጓዴ አምና ከመሬት ልትነሳ ነው።

«አልነግራትም» አለች በመጨረሻ። «ግን ይሄ ገጽ እንዲህ እንዳለ ነገ አይታይም። ሴንሰሩ ዝም ሲል ግራጫ ይሁንና ‹መረጃ የለም› ይበል።»

«ግራጫ? እንዴት ያለ ፋራ ቀለም ነው!»

«የፈለግከውን ቀባው። አረንጓዴ ብቻ እንዳይሆን።»

አራዳው ተነጫነጨ፣ አኮረፈ፣ ቦርሳውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ የውሸቱን ኮድ ማጥፋት ጀመረ። ሲጨርስ «ቢያንስ የሚያምር ግራጫ ነው» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት እንግዶቹ ከአጥሩ ኋላ ተቀመጡ። ስክሪኑ የሚያሳየውን እንዲያዩ ትልቅ ቴሌቪዥን ተደቅኖላቸዋል። ፕሮፔለሩ ዞረ፤ የአንዱ እንግዳ ኮፍያ በነፋሱ ተነስቶ ሜዳውን አቋረጠ። ሰባት መስመሮች አረንጓዴ ሆኑ። ሦስተኛው ቢጫ ሆነ፣ ግራጫ ሆነ፣ እንደገና አረንጓዴ፣ እንደገና ግራጫ።

«እቺኛዋን እንቅልፍ ወሰዳት!» ብሎ ጮኸ የአራዳው ታላቅ ወንድም። ሰው ሁሉ ሳቀ። አራዳው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ሞተሩ በጆሮ ሲሰሙት እንከን የለበትም።

አክስቷ ሞተሩን አጥፍታ ወረደች። «ለዛሬ በረራ የለም።»

እንግዶቹ እያጉረመረሙ ተበተኑ። ሁለቱ ወንድሞች ግን ቀልዳቸውን ስላልጨረሱ አውሮፕላኗ ወደ ሃንጋሩ ስትገፋ ተከትለው ገቡ።

አክስቷ የሞተሩን ሽፋን ከፈተች። መጀመሪያ ሴንሰሩን ፈትሸችው፤ ጤነኛ ነው። ቀጥላ የካንዴላዋን ገመድ በጣቷ ስታጥፈው ጎማው ተሰንጥቆ ውስጡ እንደ ተቃጠለ ክብሪት ጠቁሯል።

«ጉድ በል!» አለች። «እሳቱ ካንዴላዋ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ እየቀረ ነበር። ይህን ይዤ ተነስቼ ጓደኛዋ ካንዴላም ብትደክም ኖሮ፣ ጉዱን የማውቀው ሰማይ ላይ ነበር። ጎሽ የኔ ልጆች!»

ወንድሞቹ ቀልዱን ተዉት። ትንሹ አፉን ከፍቶ «እና ይሄን ያገኘው የኛ ልጅ ነው?» አለ።

«እሱም እሷም ናቸዋ። ለመሆኑ ግራጫውን ማን አሰበው?»

ፌንጣ አፏን ከፈተች። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ግን አራዳውን አየችው። የተሰነጠቀውን ገመድ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ወንድሞቹ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በኩራት እያዩት ነው፤ እሱ ግን ቀና ብሎ አላያቸውም። አፏን መልሳ ዘጋች።

«እትዬ…» አለ አራዳው። «አንድ ነገር ልንገርዎት። ከግራጫው በፊት…» አለና ወንድሞቹን በዓይኑ ጠርዝ አየት አደረጋቸው።

ፌንጣ ዘላ ወንድሞቹ ፊት ቆመች። «እናንተ ጎረምሶች! ውጭ ያሉትን ወንበሮች ማን ሊሰበስባቸው ነው? ኑ፣ ተከተሉኝ!» አለች። ሁለቱንም ከፊቷ እየነዳች አስወጣቻቸውና የሃንጋሩን በር ከኋላዋ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።