ቡፌው ሲናገር

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል ከጨመርኩበት የደቻቱ ወንዝ በበጋ ይውሰደኝ! ፍየሎች አሸዋው ላይ ተኝተው እያመነዠኩ ሳለ፣ ጎርፉ መጥቶ እኔን ብቻ መርጦ ይውሰደኝ። ስሜ ክፍሉ ነው፤ የድሬው ሳቢያን ሰፈር ውስጥ የማያውቀኝ ሰው ካለ ትናንት የገባ ነው። ነገሩ ሲሆን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዚያው ነበርኩ።

ኒቆዲሞስ የተገኘው በሥራ ክፍሉ ወለል ላይ፣ ገና ቀለሙ ያልደረቀ ስፒከር እንደ ሕፃን ታቅፎ ነው። ሞቷል። ቀኝ እጁ ካቻቢቴ ጨብጧል፤ ስፒከሩን ከያዙት ብሎኖች አንዱ ግማሽ ድረስ ተፈትቷል። ያገኘችው አያን ናት። አዲስ ለምትከፍተው ሻይ ቤት መደርደሪያ ሁለት ስፒከር አዝዛ ልትወስድ መጥታ ነበር። ጩኸቷ እስከ ባቡር ጣቢያው ተሰማ። ጣቢያው የት፣ ሳቢያን የት! ግን ተሰማ።

ኒቆዲሞስ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው። አሮጌ ቁምሳጥን፣ ኮመዲኖ፣ እግሩ የወለቀ ቡፌ ይሰበስብና ቆራርጦ፣ በኮላ አጋጥሞ፣ ሆዱን ጥጥ ጠቅጥቆ፣ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የምትቀመጥ ስፒከር ያደርገዋል። የሱ ስፒከር ሳቢያን ላይ ሲዘፍን ራቅ ያለው መልካ ጀብዱ ላይ የሻይ ብርጭቆ ይጨፍራል። ችግሩ አንድ ነበር፦ አስም። በእንጨት ብናኝ ውስጥ የሚኖር አስመኛ! የምትነፋውን መድኃኒት፣ እኛ ፓፍ የምንላትን፣ አይለያትም። ያን ቀን ግን ፓፏ የለችም። ኪሱ ተፈተሸ፣ የሥራ ክፍሉ ተፈተሸ፣ ግቢው ተገለበጠ፤ የለችም።

ሰፈሩ ወዲያው ፈረደ፦ አንድ ሰው ወስዶበታል። ሰውየውንም መረጠ፦ ተማም። ተማም ከኒቆዲሞስ ጋር ዓመታት አብሮ የሠራ ጓደኛው ነው፤ በዋዜማው ሲጨቃጨቁ ተሰምቷል። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተማም የተቀመጠበት አግዳሚ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ረጅም አግዳሚ ነበር። ከጫፉ ላይ ተማም ብቻ።

ኢንስፔክተር ቱሪያ የመጣችው ያኔ ነው። አባቷ ለሠርግ ድምፅ ማጉያ የሚያከራይ ሰው ስለነበር ያደገችው በሽቦና በጩኸት መሃል ነው። ጆሮዋን ልንገራችሁ? ድልድዩ ላይ ከሚያልፍ ባጃጅ የትኛው ጎማ እንደተነፈሰ ቢሮዋ ተቀምጣ ትነግራችኋለች።

«አንተን ማን ጠራህ?» አለችኝ በሩ ላይ።

«ጎረቤት ነኝ። ለምርመራው አስፈላጊ ነኝ።»

«እንግዲያው ዝም የሚል አስፈላጊ ሁን።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቀኝ እጇ ሆንኩ።

መጀመሪያ አያንን ጠየቀቻት።

«ጮኸሽበት ነበር ይባላል።»

«ወላሂ ጮኼበታለሁ! ሰው ጠርቻለሁ፣ ሻይ ቤቴ ሊከፈት ነው፣ እሱ ገና ብርጭቆ ወረቀት ይዞ እንጨት ያሻል። ‹አያንዬ፣ እንጨት አይቸኮልበትም› ይለኛል። አቦ፣ ስፒከሬን ከፈለግኩ ሰውዬውን ለምን እገድለዋለሁ? ማን ሊጨርስልኝ?» ይህን ብላ ሳቅ የመሰለ ነገር ከአፏ ወጣና መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። «ፍጠን፣ ፍጠን ባልለው ኖሮ ግን…»

ተማም ሲጠየቅ ዓይኑን ከእጆቹ ላይ አላነሳም።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በቡፌው። የሚስቱ የሰርካዲስ እናት ቡፌ ነው፤ የዋንዛ እንጨት። አትንካው አልኩት። ‹ሚስቴ ፈቅዳለች› አለኝ። አልፈቀደችም፣ ዝም ነው ያለችው፣ ዝምታና ፈቃድ አንድ አይደለም አልኩት። በኋላ ግን… ራሴው መጋዙን ያዝኩለት።»

«የሞተ ቀን ከምሳ በኋላ የት ነበርክ?»

«ቤቴ፣ ተኝቼ። በዚህ ሙቀት ከምሳ በኋላ የማይተኛ የድሬ ሰው አለ እንዴ፣ ኢንስፔክተር? እሱም ተኝቶ ነበር።»

ሰርካዲስ ጥቁሯን ለብሳ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ቱሪያ ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«እግዜር ያጽናሽ፣ እህቴ። ፓፏን የት ነበር የሚያስቀምጣት?»

«የእናቴ ቡፌ ላይ። የላይኛው መሳቢያ። ከተጋባን ጀምሮ እዚያው ናት፤ በእንቅልፍ ልቡም ቢሆን እጁ መንገዱን ያውቀዋል።»

«ቡፌው ከተቆረጠ በኋላስ?»

«እንጃ።»

አውራ ጣቷ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ቱሪያ አየችው። እኔም አየሁት፤ ግን የለቅሶ ቤት ሽንኩርት ስንት ጣት እንደሚፈጅ ስለማውቅ አለፍኩት። መርማሪ ማለት የሚታለፈውን የሚያውቅ ነው።

በመጨረሻ ሦስቱንም ሥራ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አጠገቧ እኔ ቆሜያለሁ። ሁለቱን ስፒከሮች ጎን ለጎን አስቀምጣ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አያያዘቻቸው።

«ለቅሶ ቤት ውስጥ ሙዚቃ?» አለች አያን ደንግጣ።

«ሙዚቃ አይደለም። ምስክር ነው።»

ከፈተችው። ድምፁ ወጣ፤ ግን ሆዱ የተወሰደበት ድምፅ፣ ከቆርቆሮ ውስጥ እንደሚዘፍን ሰው የሳሳ።

«ቤዙ የት ሄደ?» አለች። «ኒቆዲሞስ እንዲህ ያለ ሥራ ለሰው አይሰጥም። ሁለት ስፒከር አየሩን አብሮ መግፋት፣ አብሮ መሳብ አለበት። አንዱ ሲገፋ ሌላው ከሳበ ይጠፋፋሉ። ከሁለቱ የአንዱ ሽቦ ተገልብጧል።» ጎንበስ ብላ ከአንደኛው ጀርባ ገመዶቹን አቀያየረች። ቤዙ እንደ ጎርፍ ገባ። ጣሪያው ተነሥቶ ተመለሰ!

ከቤዙ ጋር ግን ሌላ ድምፅ መጣ። ትር… ትር… ትር… ኒቆዲሞስ ታቅፎት ከሞተው ስፒከር ሆድ።

ቱሪያ ሙዚቃውን አጠፋች፤ ብሎኖቹን ፈታች፤ ጥጡን በእጇ መዘዘች። ከጥጡ ጋር ፓፏ ወጣች።



«ማንም አልወሰደበትም» አለች ቱሪያ። «ራሱ ነው ያስቀመጣት። ይህን ጣውላ እዩት፤ በኮላ የተደፈነው የቁልፉ ቀዳዳ ነው። የቡፌው መሳቢያ ነበር። ስንት ዘመን ፓፏን በዚህ እንጨት ላይ ሲያስቀምጥ የኖረ እጅ፣ እንጨቱ ስፒከር መሆኑ አልተነገረውም። ሳጥኑ ክፍት ሳለ አስቀመጣትና ሊተኛ ገባ። ተነሥቶ እንጨት ሲያሽ ትንፋሽ አጠረው። የት እንዳለች ትዝ ሲለው ሳጥኑ ተዘግቷል። ካቻቢቴውን ያነሣው ለጠብ አይደለም፤ ሊከፍት ነው። አንድ ብሎን እንኳ አልጨረሰም።»

«ታዲያ ማን ዘጋው?» አለች አያን።

«እሱ አይደለም። እሱ ከመዝጋቱ በፊት ሽቦው በቦታው መግባቱን ባትሪ ነክቶ ይፈትሻል። ይህ ግን ውስጡ ቀዩ ሽቦ በጥቁሩ ቦታ ነው የገባው። ተኝቶ ሳለ ሌላ ሰው ነው የገጠመው።»

ተማም ከተቀመጠበት ተነሣ።

«እኔ ነኝ።»

«ቤቴ ተኝቼ ነበር አላልክም?»

«ዋሸሁ። አያን ስታጣድፈው አይቼ ልጨርስለት ብዬ ነው። ፓፏን አላየኋትም።»

ቱሪያ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሰርካዲስን አየች። ከዚያ ወደ ተማም ተመለሰች።

«ስንት ስፒከር ሠርተሃል በሕይወትህ?»

«ቆጥሬ አላውቅም።»

«እና ቀይና ጥቁር ተምታታብህ።»

«ተምታታብኝ።»

«እሺ» አለች።

እሺ! እንዲህ ያለ የድል እሺ ሰምቼ አላውቅም። ሆን ተብሎ የተሠራ ወንጀል የለም፣ አደጋ ነው አለች፣ ቦርሳዋን ዘግታ ሄደች። እንግዲህ በእኔ ረዳትነት ከተማው ሁሉ ያቃተው ሞት ተፈታ። እርግጥ ሕግ ተማምን ለቀቀው፤ ሳቢያን ግን አለቀቀውም። የዘጋው እሱ ነዋ! ሰላምታው ሲቀዘቅዝበት መጋዙን ጠቅልሎ መልካ ጀብዱ ገባ። እዚያ በርና መስኮት ይሠራል ይላሉ። ስፒከር አይነካም።

ይህን ሁሉ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ መጀመሪያ መስማት የሚገባት እሷ ናት ብዬ ሰርካዲስ ዘንድ ሄጄ አነበብኩላት። ሁለቱ ስፒከሮች ከኋላዋ መደርደሪያ ላይ ናቸው። ገመድ የላቸውም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«አንተ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበርክም፣ ክፍሉ» አለች ቀስ ብላ። «ኢንስፔክተሯ ውሃ አምጣ ብላ ልካህ በሩን ዘጋችው።»

«በመስኮት እኮ…»

«መስኮት የለውም። አያን የነገረችህን ነው የጻፍከው።»

ወረቀቱን ማጠፍ ጀመርኩ። እጇን ዘርግታ ያዘችው።

«ሽንኩርት ደግሞ አልከተፍኩም። ባሏ የሞተባትን ሴት ማን ሽንኩርት ያስከትፋታል? ፍራሹ ላይ ነበርኩ፤ አይተኸኛል።» አውራ ጣቷን ገልብጣ አሳየችኝ፤ ቀጭን ጠባሳ ነው። «ካቻቢቴው ሾልኮብኝ ነው። እሱ ተኝቷል። የእናቴ ቡፌ ሆዱን ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ማየት አቃተኝ። ሁለቱን ሽቦ እንደመሰለኝ አስገብቼ ዘጋሁትና እህቴ ጋ ሄድኩ።»

ዝም አልኩ። ይህን እውነት ነው የምላችሁ፤ ዝም አልኩ።

«ተማም ቀይና ጥቁር ዓይኑን ጨፍኖም አያምታታም። ኢንስፔክተሯም አውቃለች፤ እሺ ያለችው ለዚያ ነው። እሱ ‹እኔ ነኝ› ሲል ጣቴን አይቶ ነበር። እኔ ደግሞ አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ መልሼ ዘጋሁት።»

ወረቀቱን ዘርግታ ጉልበቴ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«የተማምን ስም ሰርዝና የኔን ጻፍ። ከዚያ መልካ ጀብዱ ይዘኸኝ ሂድ፤ እዚያ እኔ አነብለታለሁ።»