ሞተሩን ያጠፋሁ ቀን

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ከማያምኑት ሰዎች ነበርኩ፣ «ነበርኩ» ማለቴን ልብ በሉልኝ። ሰው ጋኔን አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ ሲል እስቅበት ነበር፣ የትራክተር ሰው ነኛ፣ ሲጥ ሲጥ የሚል ነገር ሁሉ ወይ ግሪስ አንሶታል ወይ ቡሎን ላልቶበታል፣ ሦስተኛ ምክንያት የለውም ባይ ነኝ። እስቲ አሁን የምነግራችሁን ስሙና ግሪሱ የቱ ጋ እንደጎደለ እናንተ ንገሩኝ።

ድንበሩ አጠገብ፣ ፋሽጋ ውስጥ፣ አንድ የሱዳን ባለሀብት ሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር እነዳለሁ፣ በአጨዳ ወቅት ተሳቢው ላይ የውሃ ታንከር ጭኜ ለአጫጆቹ ውሃ አደርሳለሁ። እና ልናዘዝላችሁ፣ እስካለፈው ዓመት ድረስ ሞተር ማጥፋት እፈራ ነበር። አትሳቁ! ከአገሬ በወጣሁበት ሰሞን ከተኩሱ ይልቅ የጎዳኝ ተኩሱ ጋብ ሲል የሚመጣው ዝምታ ነበር፣ ከዝምታው በኋላ ምን እንደሚከተል አይታወቅማ። ሱዳን ከገባሁ በኋላም አካባቢዬ ጸጥ ባለ ቁጥር ልቤ ከደረቴ ልትወጣ ትደልቃለች፣ እጄ ይደነዝዛል፣ አየር ያጥረኛል፣ በቃ አሁን ሞትኩ እላለሁ። ገዳሪፍ ሄጄ ልቤን ብመረመር «ምንም የለህም» አሉኝ፣ እየሞቱ ምንም የለህም መባል ደግሞ እንዴት እንደሚያናድድ! ስለዚህ ምሳ ስበላም፣ ውሃ ሲቀዳም ሞተሩን አላጠፋም፣ ሲጠይቁኝ «ባትሪው ደክሟል፣ ካጠፋሁት አይነሳም» እላለሁ። አጫጆቹ «ዱግዱጌ» ብለው ስም አወጡልኝ።

የእርሻው ኃላፊ ሐጂ ኡስማን ግን ናፍጣ እንዲህ በተወደደበት ዘመን ይህን የሚታገሥ ሰው አይደለም። አንድ ጠዋት ከገዳሪፍ አዲስ ባትሪ አስመጥቶ በገዛ እጁ አሰረልኝ፣ እኔ እንግዲህ ውሸቴ ሲፈታ ቆሜ አያለሁ።

«ያ ኡስታ፣ አንተ ሹፌር፣ ባትሪው ጀዲድ ነው፣ ኸላስ፣ አለቀ!» አለኝ። «ዛሬ ቀትር ላይ ያ ሞተር ዱግ ዱግ ሲል ከሰማሁ፣ ወላሂ፣ ነገ ትራክተሩን ሌላ ሰው ይነዳዋል። አንተ ማጭድህን ይዘህ ከአጫጆቹ ጋር ትወርዳለህ።»

አጨዳን ንቄ አይደለም፣ ግን ቤቴም ንብረቴም እዚያ ማዶ ቀርቶ በእጄ የነበረው ይሄ ሙያ ብቻ ነው፣ እሱንም ላጣ ነው።

ደግነቱ ከዚያ ቀን ሁለት ሳምንት ቀደም ብዬ ዘመድ ልጠይቅ የስደተኞች ጣቢያው መንደር 8 ሄጄ፣ ሕመሙ እዚያው የተነሳብኝ ጊዜ፣ ሲስተር ለተ የምትባል ከትግራይ የተሰደደች ነርስ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

«እንዲህ ሲያደርግህ እስካሁን ስንት ጊዜ ሞትክ?» አለችኝ።

«ኧረ አልሞትኩም።»

«እንግዲያው ልብህ ውሸታም ናት፣ አትመናት። የድንጋጤ ሕመም ነው፣ ይነሳል፣ ይበረታል፣ ከዚያ በራሱ ይበርዳል። ሲመጣ አትሩጥ። የምታየውንና የምትሰማውን ጮክ ብለህ በስሙ ጥራው። ትንፋሽህን ስታስገባ እስከ አራት፣ ስታስወጣ እስከ ሰባት ቁጠር። ደግሞ ለሌላ ሰው እንደምትለው ለራስህ አይዞህ በል፣ በእኛው ትግርኛ አጆኻ!»

መቁጠሩንስ እሺ፣ ለራስ አይዞህ ማለት ግን አሳፈረኝ፣ ሞክሬው አላውቅም።

ቀትር ሆነ። የታንከሩን ውሃ አራግፌ ሰሊጡ መሀል ቆምኩ፣ ሰው ሁሉ ፀሐዩን ሸሽቶ ዳስ ገብቷል። እናቶቻችን «በቀትር ብቻህን ሜዳ ላይ አትቁም፣ የቀትር ጋኔን አለ» ይሉ የለ፣ እኔ ግን የፈራሁት ጋኔኑን ሳይሆን የሞተሩን ቁልፍ ነው። ቢስሚላህም አልኩ፣ በስመ አብም አልኩ፣ አጠፋሁት።

ዝም አለ። ወዲያው ልቤ ተነሳች፣ ጣቶቼ መሪውን መያዝ አቃታቸው፣ ዘልዬ ልሮጥ አልኩና የሲስተር ለተ ነገር ትዝ ሲለኝ እንደ እብድ ጮክ ብዬ መጥራት ጀመርኩ። «የሰሊጥ ነዶ አያለሁ። ጭልፊት አያለሁ። ቢጫ ጄሪካን አያለሁ። የደረቀው ሰሊጥ ሲንሿሿ እሰማለሁ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል እሰማለሁ። ትንፋሼን እሰማለሁ። ሌላ ትንፋሽ እሰማለሁ።»

አፌ ነው የቀደመኝ፣ እመኑኝ፣ ያልኩት የገባኝ ካልኩት በኋላ ነው።

ከኋላዬ፣ ከተሳቢው ላይ ነበር የሚመጣው። ረጅምና የረጋ ትንፋሽ፣ እስከ አራት ያስገባል፣ እስከ ሰባት ያስወጣል። እኔ ሦስት ላይ ስቆራረጥ ይጠብቀኛል፣ ከእኔ ጋር እንደገና ይጀምራል። ልዞር ብል አንገቴ እምቢ አለኝ፣ ምን ላድርግ፣ ተከተልኩት። ስንት ጊዜ እንደተነፈስን እንጃ፣ ከዚያ ጉንፋን እንደያዘው ሰው በሻከረ ድምፅ፣ በእኛው በጎንደር አማርኛ «አይዞህ፣ ያልፋል» አለኝ።

አለፈ! ልቤ እየረጋች እየረጋች ሄዳ ቦታዋ ላይ ቁጭ አለች። ያኔ ተሳቢው፣ ሰው ሲወርድበት እንደሚያደርገው፣ ሲጥ አለ። ዞርኩ። ማንም የለም። ነዶው ተሰድሮ ቆሟል፣ ከመሀሉ ሰው ቢሮጥ እስከ እርሻው ዳር ድረስ ይታያል። የተሳቢው ሞላ ግሪስ አንሶት ነው ብዬ በማግስቱ ቀባሁት።

ግን ድሉን ልንገራችሁ እንጂ! ሞተሩ የምሳውን ሰዓት ሙሉ ጠፍቶ ዋለ፣ እኔም ከነነፍሴ አለሁ። አስነስቼ ወደ ዳሱ ስደርስ ዘልዬ ወረድኩና ሐጂ ኡስማንን አቅፌ ከመሬት አነሳሁት፣ «ያ ዙል፣ አንተ ሰውዬ፣ አበድክ እንዴ!» እያለ በሳቅ ፈረሰ፣ አጫጆቹም «ዱግዱጌ ዝም አለ!» ብለው አጨበጨቡልኝ። ሕመሙ ከዚያ በኋላም ተመልሶ መጥቷል፣ አልዋሽም፣ ግን በመጣ ቁጥር ቁጭ ብዬ፣ ቆጥሬ፣ ሸኝቼዋለሁ። እንደ እኔው በድብቅ የሚሠቃይ አንድ አጫጅም አስተምሬአለሁ። ዝምታን ስወደው ደግሞ ብታዩኝ! የወፉን ድምፅ እንኳ የሰማሁት ገና አሁን ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። በዘንድሮው አጨዳ፣ ጉንፋን ጠፍሮ የያዘኝ ሰሞን፣ ቀትር ላይ ሞተሩን አጥፍቼ ተሳቢው ላይ ከታንከሩ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ሰሊጡ ይንሿሿል፣ ሞተሩ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ከዚያ ከሹፌሩ ወንበር በኩል ፈጣን፣ የተቆራረጠ ትንፋሽ ሰማሁ። ወንበሩ ላይ ሰው የለም። ትንፋሹን ግን አወቅኩት፣ እንደ እኔው የአምናው ትንፋሽ ሦስት ላይ ነው የሚቆራረጠው።

መፍራቱ ትዝ ያለኝ ኋላ ነው። ያኔ ያዘንኩለት ብቻ ይመስለኛል፣ እስከ አራት አስገባሁለት፣ እስከ ሰባት አስወጣሁለት፣ ሲቆራረጥ ጠበቅኩት። በመጨረሻ «አይዞህ፣ ያልፋል» አልኩት፣ ያ የሻከረ ድምፅ ከገዛ አፌ ሲወጣ በጆሮዬ ሰማሁት።

ቀስ ብዬ ስወርድ ተሳቢው ሲጥ አለ፣ በዚያው ጠዋት ግሪስ ቀብቼዋለሁ። ከዚያ ወንበሩ፣ ሰው ሲዞርበት እንደሚያደርገው፣ ተንቋቋ። ሊያየኝ ነው ብዬ እጄን ከፍ አድርጌ አውለበለብኩለት።

እኔ ግን አምና፣ ሞተሩን መጀመሪያ ያጠፋሁ ቀን፣ ከወንበሩ ስዞር ማንንም አላየሁም። ታዲያ እጄን ሳውለበልብ የት ነበር የቆምኩት?