ያልታጠበችው መኪና

ቬርኖን ፔቲግሩ ከገዛ መኪናው ሥር ተንጋልሎ ሞቶ ሲገኝ፣ የሜምፊስ ፀሐይ ገና በጠዋቱ አስፋልቱን ታቀልጥ ነበር። ክሪኩ ወድቋል። ከጎኑ ከካርቶኑ የወጣ አዲስ አሞርዛተር ተቀምጧል። ሰፈሩም «ሲጠግን ክሪኩ ከዳው፤ ምስኪን!» ብሎ ፈርዶ ጨርሷል።

ሳጅን ኦፊሊያ ክረንሾ ግን የሰፈር ፍርድ አትወድም። የመኪናዋን በር በጣቷ ዳሰሰች፤ የሦስት ወር አቧራ ነው። ሚስቱን ኦዴሳን በረንዳው ላይ አገኘቻት።

«ሚስ ኦዴሳ፣ መኪናዋ ለምን አልታጠበችም?»

«እንዳትነኪያት ብሎኝ ነዋ! ለዕዳው የኪሳራ ፍርድ ቤት ገብቶ አልነበር? ከገዛናት ሁለት ዓመት ተኩል ስላለፈ፣ ዳኛው የመኪናዋን ዕዳ ዛሬ በምታወጣው ዋጋ ልክ ይቆርጠዋል። አሥራ ዘጠኝ ሺህ ዶላሩ ሰባት ሺህ ሊሆን ነው። ገማቹ ነገ ይመጣል። ‹አምላኬ፣ እስከዚያ መንኳኳቷን እንዳትተው› እያለ ሲስቅ...» እንባ ቀደማት።

«መገመቷን ማን ያውቃል?»

«እኔና ሻጩ ብቻ። ቬርኖን ያፍር ነበር። እዚህ በረንዳ ላይ የስንቱን ደብዳቤ እያነበበ ሲያስረዳ የኖረ ሰው፣ የወንድሙን የክሊፍተንን ሳይቀር፣ የራሱ ሲሆን አፈረ።»

መኪናዋን በዱቤ የሸጠው ሚስተር ረስክ አልተሽኮረመመም። «በዕዳው መልሰን ልንወስዳት ስንል ፍርድ ቤቱ አገደን። ተናድጃለሁ፣ አልዋሽም።»

«ሲሞት ግን ከዱቤው ጋር የገባው የሕይወት መድን ዕዳውን ሙሉ ይከፍልዎታል።»

«ይከፍላል። ይህንንም ለዋሱ ነግሬዋለሁ፤ ስለ ገማቹ ግን አላነሳሁበትም። ዳኛው የሚቆርጠው አሥራ ሁለት ሺህ በእሱ ላይ ነዋ የሚወድቀው!»

«ዋሱ ማን ነው?»

«ክሊፍተን። ወንድሙ።»

ክሊፍተን ዓይኑ ቀልቷል። «እኔው ነኝ ጠግናት እያልኩ የጎተጎትኩት፣ ሳጅን። ትናንት ደውሎ ‹ነገ በጠዋት እጠግናታለሁ› አለኝ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!»

ኦፊሊያ የነገራትን በማስታወሻዋ ጻፈችው። ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ቬርኖን ይህችን መኪና አይጠግንም» አለች። «የተበላሸ ዕቃ ሁሉ ዕዳ የሚቀንስለት ሰው፣ ገማች ሊመጣበት አሞርዛተር አይገዛም። ስለዚህ ያመጣው ሌላ ሰው ነው። ሚስ ኦዴሳና ሚስተር ረስክ ግምቱን ያውቃሉ፤ እነሱ ቢሆኑ ሌላ ተንኮል ባሰቡ ነበር። የተበላሸ መኪና ያለው ሁሉ ሊጠግን ይፈልጋል ብሎ ያሰበው፣ ግምቱን ያላወቀው ነው። ‹እጠግናታለሁ አለኝ› ያልከኝም አንተ ብቻ ነህ፣ ክሊፍተን።»

«እኔ እኮ...»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሐኪሙ መጀመሪያ ጭንቅላቱን ተመትቷል ብሏል። የመለዋወጫ ሻጩም ትናንት አሞርዛተር የገዛኸው አንተ መሆንህን ፎቶህን አይቶ አውቋል።»

ክሊፍተን ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «አሥራ ሁለት ሺህ! ቤቴን፣ የልጆቼን ቤት ሊወስዱብኝ ነበር። ከፍርድ ቤት ደብዳቤ መጣብኝ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሜን አየሁ፣ ዋስ የሚለውን አየሁ፤ የቀረው አልገባኝም። ዕዳ ከሜዳ!»

ኦፊሊያ የዚያኑ ደብዳቤ ቅጂ ከኦዴሳ ተቀብላ አራተኛውን ገጽ፣ ቬርኖን ለዳኛው ያቀረበውን የአከፋፈል ዕቅድ፣ አነበበች፦ «ከመኪናዋ ዋጋ በላይ የቀረው ዕዳ፣ ዋሴ የሆነው ወንድሜ እንዳይነካ፣ ከሌሎች ዕዳዎቼ ሁሉ አስቀድሞ ከደመወዜ ሙሉ በሙሉ ይከፈል።»

ኦዴሳ ተነሥታ ክሊፍተን ፊት ቆመች።

«ሌላውን ደብዳቤ ሁሉ ያነብብልህ ነበር» አለችው። «ይህን ለምን አላመጣህለትም?»